ተራራው ሲፈርስ፣ ባሕሩ ሲለወጥ

ከ650 እስከ 500 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ዛሬ ምሥራቅ አፍሪካ በሚባለው ምድር ላይ ከሂማላያ ጋር የሚወዳደር የተራራ ሰንሰለት ቆሞ ነበር። ሰንሰለቱ ከዓረብ ምድር ተነሥቶ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ያልፍና፣ ያኔ ከአፍሪካ ጋር ተጣብቀው ወደነበሩት ወደ ማዳጋስካርና አንታርክቲካ ይቀጥላል። ርዝመቱ 8000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደነበረ ይገመታል። ከዚያ ሁሉ ከፍታ ዛሬ አንድም ጫፍ አልቀረም። የኢትዮጵያ ደጋ፣ ኪሊማንጃሮም ሆነ የኬንያ ተራራ ከእሱ አልተወለዱም፤ እነዚህ እሳተ ገሞራና የምድር ማበጥ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ያነሷቸው ናቸው። ለሕይወት ታሪክ ግን ከሰንሰለቱ መቆም ይልቅ መፍረሱ ይበልጣል። ተራራው እየተሸረሸረ ወደ ባሕር ያወረደው ማዕድን እንስሳት ከበዙበት ዘመን ጋር ይገጥማል፤ ከእሱ በኋላ በሌላ አህጉር ዳር የተነሣ ሰንሰለት ደግሞ ምድርን አቀዝቅዞ ከመጀመሪያው ታላቅ የጅምላ ጥፋት ጋር ስሙ ይነሣል።

የሰንሰለቱ አነሣስ የሚጀምረው ከአንድ ውቅያኖስ መዘጋት ነው። ከ800 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ጂኦሎጂስቶች የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የሚሉት ባሕር የዛሬዋን አፍሪካ ከህንድና ከአንታርክቲካ ይለይ ነበር። የባሕሩ ወለል ወደ ምድር ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ፣ በሚሰምጥበት ዳር የእሳተ ገሞራ ደሴቶች እንደ ዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ተደረደሩ። ውቅያኖሱ በጠበበ ቁጥር ደሴቶቹ እየተላተሙ ተጣበቁ፤ በመጨረሻም ሁለቱ ግዙፍ የአህጉር ክፍሎች ገጠሙና ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ተፈጠረ። በትግራይ ብዙ ቦታ ከአሸዋ ድንጋዩ ሥር ብቅ የሚለው አረንጓዴ ቀለም ያለው ጠንካራ ዐለት የእነዚያ ደሴቶች ቅልጥ ዐለትና አመድ ነው፤ ግጭቱ ጨምቆና አግሎ ለውጦታል። በደቡብ ኢትዮጵያ በአዶላ አካባቢ ደግሞ የጠፋው ውቅያኖስ ወለል ስባሪ በሁለት የአህጉር ቁርጥራጮች መካከል ተቆንጥጦ ቀርቷል፤ የአካባቢው የታወቀ ወርቅም የሚገኘው በዚህ ቀበቶ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት አርተር ሆምስ በ1951 የደቡቡን ክፍል የሞዛምቢክ ቀበቶ ብሎ ሰየመው። ቀበቶው ከሰሜኑ የደሴቶች ምድር ጋር ተያይዞ የአንድ ውቅያኖስ ጠባሳ መሆኑ በስፋት ተቀባይነት ያገኘው ግን ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

አህጉሮቹ ከመግጠማቸው በፊት እንኳ ደሴቶቹ በአየር ንብረት ላይ እጃቸው ሳይኖርበት አልቀረም። በተምቤን ስም የሚጠራው የትግራይ የኖራ ድንጋይና የሸክላ ድንጋይ ንብብር በመጨረሻው ላይ በረዶ ያመጣቸው ድንጋዮች የተሰበጣጠሩበት ደለል ይታይበታል። በንብብሩ ውስጥ ካሉት የእሳተ ገሞራ አመዶች በተገኘው ዕድሜ መሠረት ብርዱ የጀመረው ከ717 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ይህ በረዶ እስከ ምድር ወገብ ድረስ የወረደበት ዘመን መነሻ ሲሆን፣ ጊዜውን በዚህ ጥራት የሚመዘግቡ ቦታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ትኩስ የእሳተ ገሞራ ዐለት በሞቃትና ዝናባማ ኬክሮስ ላይ ሲበሰብስ ከአየር ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ የደሴቶቹ መገጣጠም ምድርን ለብርድ አመቻችቷል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ይህ ዐይነቱ ሥራ ከ250 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቆይቶ እንደገና ይታያል።

የምድር ቅርፊት ከሥሩ ባለው ከባድና ዝግ ብሎ በሚፈስ ዐለት ላይ የሚቀመጠው ግንድ ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፈው ነው። ወፍራሙ ግንድ ከላይ ከፍ ብሎ ሲታይ ከሥር ደግሞ ጠልቆ ይገባል፤ ከላይ ቢጠረብ ከሥር ብቅ ይላል። ተራራም ከጫፉ በተሸረሸረ መጠን ሥሩ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ አንድ ሰንሰለት ጠፍጥፎ ሜዳ እስኪሆን ድረስ በከፍታው ላይ ከሚታየው ዐለት ብዙ እጥፍ ለወንዞች ይሰጣል። በታንዛኒያ በኡሉጉሩና በኡሳምባራ ኮረብቶች ላይ ዛሬ በእግር የሚረገጠው ዐለት ከ30 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት የተጋገረ ነው። ከላዩ የነበረው ሁሉ ተወስዷል።

የሄደበትን ለማወቅ የረዳው ዚርኮን የተባለች ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ማዕድን ናት። ዚርኮን ስትፈጠር ዩራኒየም ወደ ውስጧ ታስገባለች፤ እርሳስን ግን አትቀበልም። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ የሁለቱ መጠን ሲመዘን የትውልድ ዘመኗ ይታወቃል። እጅግ ጠንካራ በመሆኗም ተራራው ፈርሶ፣ ወንዙ ደርቆ፣ ባሕሩም ሸሽቶ እንኳ አትጠፋም። ከጎንድዋና ዳርቻ በተሰበሰቡ የአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ የሚገኙ ዚርኮኖች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከዚሁ ሰንሰለት ዘመን ጋር ይገጥማል። በ2006 ሪቻርድ ስኳየርና ባልደረቦቹ ይህንን ማስረጃ ሰብስበው ከሰንሰለቱ የወረደው ደለል ከ100 ሚሊዮን ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ገመቱ። በ2022 ደግሞ ዚዪ ዡና ባልደረቦቿ ሌላ ምልክት ጨመሩ። በጣም ከፍ ባለ ተራራ ሥር፣ ግፊቱ በሚበረታበት ጥልቀት፣ ጋርኔት የሚባለው ማዕድን ሉቴቲየም የተባለውን ንጥረ ነገር ለራሱ ይሻማል፤ አጠገቡ የምትፈጠረው ዚርኮንም ሉቴቲየም ያንሳታል። እንዲህ ያሉ ዚርኮኖች በብዛት የሚታዩት በምድር ታሪክ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ2000 እስከ 1800 ሚሊዮን ዓመታት በፊትና በጎንድዋና ግጭት ወቅት። የመጀመሪያው ጊዜ ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት ብቅ ካሉበት ዘመን ጋር፣ ሁለተኛው ደግሞ እንስሳት ከተነሡበት ጋር ይቀራረባል። በጊዜ መቀራረብ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ሐሳቡን የሚያጠነክረው በመካከል ያለው ኬሚስትሪ ነው።

ዝናብ በአየር ሲወርድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ አዲስ የተሰበረ ዐለት ላይ ሲያርፍ ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና ፎስፈረስን አሟሙቶ ለወንዝ ይሰጣል። ካልሲየሙ ባሕር ደርሶ ከአየር ከመጣው ካርቦን ጋር የኖራ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ካርቦኑም በዚያው ከአየር ይወገዳል። ፎስፈረስ ደግሞ በባሕር ውስጥ ላሉ ደቃቅ አልጌዎች ዋነኛ የጎደለ ምግብ ነው። እሱ ሲጨመር አልጌ ይበዛል፤ አልጌው ሞቶ በደለል ሲቀበር፣ በሕይወቱ ያመረተው ኦክስጅን የሚመልሰው ሳያገኝ በአየርና በውሃ ውስጥ ይቀራል። ፈጥኖ የሚሸረሸር ተራራ ለዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ያቀርባል፤ ሁልጊዜ አዲስ የተሰበረ ዐለትና የአልጌውን ሬሳ ቶሎ የሚያለብስ ደለል። ያረጀ ሜዳ ግን የታጠበ አፈሩ ዐለቱን ከዝናብ ስለሚከልል እምብዛም አይሰጥም።

ይህ ሂደት በባሕር ውሃ ላይ ዐሻራውን ትቷል። ስትሮንሺየም የተባለው ንጥረ ነገር ካልሲየም በሚገባበት ሁሉ ይገባል፤ ከዓይነቶቹ አንዱ፣ ክብደቱ 87 የሆነው፣ በአሮጌ የአህጉር ግራናይት ውስጥ በዝቶ ይገኛል። በዘመኑ የኖራ ድንጋዮች ውስጥ የዚህ ዓይነት ድርሻ ያለማቋረጥ ከፍ እያለ ሄዶ ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ጣሪያው ላይ ደረሰ። ባሕሩ ያኔ የአህጉር ማጠቢያ ይጠጣ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ባሕር ውስጥ ከ575 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጀምሮ ለዓይን የሚታይ አካል ያላቸው ፍጡራን ይታያሉ። ሬጅ ስፕሪግ በ1946 በደቡብ አውስትራሊያ ኢዲያካራ ኮረብቶች ያገኛቸው ቅሪተ አካላት የዚህ ዘመን መለያ ሆነዋል። ከነሱ አንዷ የሆነችው ዲኪንሶኒያ ጠፍጣፋና የተሸነሸነች ስትሆን፣ ከአንድ ሜትር በላይ የምትሰፋ ነበረች፤ በቅሪቷ ላይ የተገኘው የኮሌስትሮል ርዝራዥ በ2018 እንስሳ መሆኗን አረጋገጠ። አብዛኞቹ የኢዲያካራ ፍጡራን አጥንትም፣ ቅርፊትም፣ የማደኛ ጥርስም አልነበራቸውም። የካምብሪያን ዘመን ከ539 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ሲገባ እነሱ ይጠፉና ቅርፊት የለበሱ፣ እግር ያወጡ፣ ዓይን ያላቸው፣ የሚቆፍሩና የሚያድኑ እንስሳት ቦታውን ይይዛሉ። በቻይና ዩናን ግዛት ቼንግጂያንግ በ1984 የተገኙት 518 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው፤ ቻርልስ ዋልኮት በ1909 በካናዳ ቡርጀስ ያገኛቸው ደግሞ 508 ሚሊዮን። በሁለቱም ቦታ ለስላሳው አካል ሳይቀር ተቀርጾ ስለቀረ፣ የዛሬዎቹ ታላላቅ የእንስሳት ወገኖች አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ እንደነበሩ በግልጽ ይታያል። ለዚህ የእንስሳት ፍንዳታ የዘር ለውጥና የአዳኝና ታዳኝ ፉክክርም ድርሻ አላቸው። ተራራው እንስሳን አልፈጠረም። የሚሮጥና የሚያድን አካል የሚፈልገውን ኦክስጅን፣ ቅርፊት የሚሠራበትን ካልሲየምና የምግብ ሰንሰለቱን መሠረት ግን ያቀረበው ትልቁ አቅራቢ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የሰንሰለቱ ጠንካራ ትራፊ፣ ማለትም ሟሟው ሁሉ ታጥቦለት የቀረው ኳርትዝ፣ በሰሜን ጎንድዋና ላይ እንደ ሰፊ ምንጣፍ ተዘረጋ። በአልጄሪያ የታሲሊ ገደሎችና በዮርዳኖስ የፔትራ መቃብሮች የተፈለፈሉበት ዐለት የዚህ ምንጣፍ ክፍሎች ናቸው። በትግራይ የእንትጮ አሸዋ ድንጋይ የሚባለውም የዚሁ ዘመን ነው፤ በተጣጠፈውና በተጋገረው አሮጌ ዐለት ላይ ጋደም ብሎ ተኝቷል። ሁለቱ በሚነካኩበት መስመር ላይ እጅን ማሳረፍ አንድ ሙሉ ሰንሰለት ተነሥቶ የጠፋበትን ጊዜ መንካት ነው።

ቻርልስ ላፕወርዝ በ1879 ስም ያወጣለት የኦርዶቪሺያን ዘመን ከ485 እስከ 444 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ያለውን ጊዜ ይይዛል። ዘመኑ ሲጀምር የምድር ወገብ ባሕሮች እጅግ የሞቁ ነበሩ፤ ኮኖዶንት በሚባሉ ጥንታውያን እንስሳት ጥርስ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ሲለካ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያሳያል። በዚያ ውሃ ብዙ ዝርያ አይለመልምም። በሚቀጥሉት 25 ሚሊዮን ዓመታት ባሕሩ ቀስ እያለ ወደ ዛሬው የሐሩር ባሕር ሙቀት ወረደ፤ ያኔም የእንስሳት ዝርያና ወገን በፍጥነት ተባዛ። ካምብሪያን የእንስሳትን ዋና ዋና ንድፎች ካወጣ፣ ኦርዶቪሺያን በእያንዳንዱ ንድፍ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ገነባ። ብራኪዮፖድ የሚባሉ ቅርፊት ለባሾች የባሕሩን ወለል ሸፈኑ፤ ኮራሎች ሪፍ መሥራት ጀመሩ፤ ግራፕቶላይት የሚባሉ እንስሳት በውሃው ላይ ተንሳፈፉ፤ ከዛሬው ኦክቶፐስ ጋር ዝምድና ያላቸው ረጃጅም ቀንድ መሳይ ቅርፊት የነበራቸው አዳኞችም በላዩ ገዙ። በየብስ ላይ ደግሞ ከ470 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ የመጀመሪያዎቹ ዕፅዋት ዘረ ብናኛቸውን ትተዋል።

ይህ ልከኛ ቅዝቃዜ በዚያ ላይ አልቆመም። በዚያን ጊዜ የምድርን ወገብ ተንተርሳ ከነበረችው ከሰሜን አሜሪካ ዳር ጋር ያፔተስ በተባለው ውቅያኖስ ውስጥ የተሰለፉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች መጋጨት ጀመሩ። ከዚህ ግጭት የታኮኒክ ተራሮች ተነሡ፤ የአፓላቺያን ሰንሰለት የመጀመሪያ ምዕራፍ እነሱ ናቸው። ከእነሱ የወረደው ቀይ ጭቃ ወደ ምዕራብ ብዙ ርቀት ተጉዟል፤ ዛሬም በናያጋራ ፏፏቴ ሥር ባለው ገደል ቀይ ሆኖ ይታያል።

የታኮኒክ ተራሮች በርዝመትም በከፍታም ከጎንድዋናው ሰንሰለት ያንሳሉ። ልዩነቱ ያለው በተሠሩበት ነገር ላይ ነው። የቀደመው ሰንሰለት ብዙው አሮጌ ግራናይት ነበር፤ የኋለኛው ግን በአብዛኛው ከደሴቶቹና ከባሕር ወለል የመጣ ጥቁር ዐለት ነበር፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም የሞላበት፣ በሞቃት ዝናብ ሥር ቶሎ የሚበሰብስ። እንዲህ ያለ ዐለት በክብደቱ ልክ ሲታይ ከግራናይት የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስራል። የስትሮንሺየም ምስክርነትም ይህንን ይደግፋል፤ በኦርዶቪሺያን መካከል ላይ የ87ቱ ድርሻ በድንገት ይወርዳል፤ ይኸውም ወንዞች ከአሮጌ አህጉር ይልቅ ትኩስ የእሳተ ገሞራ ዐለት ማጠብ በመጀመራቸው ነው። አዲሶቹ ዕፅዋትም በሚያወጡት አሲድ ዐለቱን በማሟሟት ሥራውን አግዘው ይሆናል።

ደቡብ ዋልታ ያኔ የሚገኘው በሰሜን አፍሪካ ላይ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ በረዶ በመጀመሪያ የያዘውም እዚያው ነው። በ1960ዎቹ በአልጄሪያ ሰሃራ ነዳጅ ፍለጋ ላይ የነበሩ ፈረንሳውያን ጂኦሎጂስቶች የበረዶ ግግር ዐለት ላይ ሲጎተት የሚተወውን ትይዩ ጭረት በምድር እጅግ ሞቃት ከሆኑ ቦታዎች በአንዱ ላይ አገኙ። ብዙም ሳይቆይ በ1971 ዳው፣ ቤይትና ጸጋዬ ኃይሉ በሰሜን ኢትዮጵያ የጥንት በረዶ ደለል መገኘቱን አሳወቁ። ከጥንቱ ከተምቤኑ ሌላ በትግራይ የሚታዩት የበረዶ ደለሎች ሁለት የተለያዩ ዘመናትን እንደሚወክሉ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በእዳጋ ዓርቢ ስም የሚጠራው ከኦርዶቪሺያን በብዙ ዘግይቶ የመጣ የሌላ በረዶ ዘመን ሲሆን፣ ከእንትጮ አሸዋ ድንጋይ ጋር ያለው ግን የኦርዶቪሺያን መጨረሻ ነው። ከሰሃራ የተነሣው የበረዶ ክዳን ወይም ዳርቻው እስከዚህ ድረስ ደርሶ ነበር፤ የጎንድዋና ተራሮች በፈረሱበት ሜዳ ላይ።

በዌልስ ባለ ስፍራ ስም ሂርናንሺያን በተባለው፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት እንኳ በማይሞላው የዘመኑ የመጨረሻ ክፍል፣ ብርዱ ጣሪያው ላይ ደረሰ። በካናዳ አንቲኮስቲ ደሴት የተገኙ ቅርፊቶች የሐሩር ባሕር እንኳ በ5 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዙን ያሳያሉ። ብዙ ውሃ በረዶ ሆኖ በየብስ ላይ ስለተያዘ የባሕር ውሃ ከፍታ ከ50 እስከ 100 ሜትር እንደወረደ ይገመታል። በዘመኑ የነበሩት አህጉሮች ዝቅ ያሉና በጥልቀት በሌለው ባሕር የተሸፈኑ ነበሩ፤ አብዛኛው የባሕር ሕይወትም በዚያ ጥልቀት አልባ ውሃ ላይ የተመሠረተ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ የመኖሪያው ስፍራ ራሱ ጠፋ። በየባሕሩ ብቻ የሚኖሩ ዝርያዎች የሚሄዱበት አጡ። በሕይወታቸው በሙሉ ወይም በእጭነት ዘመናቸው በክፍት ውሃ ላይ ይንሳፈፉ የነበሩ፣ ትሪሎባይት የሚባሉ እንስሳት ከወለል ነዋሪዎቹ ትሪሎባይቶች የበለጠ ተመቱ፤ ግራፕቶላይቶችም ጥቂት ዝርያ ብቻ ሲቀራቸው ተረፉ።

ከዚህ የተረፉትና ቀዝቃዛውን ውሃ የለመዱት እንስሳት፣ በተለይ ሂርናንሺያ የተባለችው ብራኪዮፖድና ተከታዮቿ፣ ከዋልታ እስከ ሐሩር ተሠራጩ። ሁለተኛው ምት የደረሰው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ባሕሩ ተመልሶ ወጣ፣ ሞቀ፣ በብዙ ቦታም ኦክስጅን አጣ፤ የዚህ ምልክት በዓለም ብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር የሸክላ ድንጋይ ነው። ቀዝቃዛውን የለመዱት በተራቸው ሞቱ። በሁለቱ ምቶች ከባሕር ዝርያዎች 85 በመቶ ያህሉ እንደጠፉ ይገመታል፤ ከፐርሚያን መጨረሻው ጥፋት ቀጥሎ የሚቆጠር ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች በዘመኑ ዐለት ውስጥ ካለው ሜርኩሪ ተነሥተው ታላቅ እሳተ ገሞራም እንደተሳተፈ ይከራከራሉ። ተራሮቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚሊዮን ዓመታት ስለሚያወርዱ መድረኩን ያዘጋጃሉ እንጂ፣ እንዲህ ያለ ፈጣን ጥፋት ለብቻቸው ሊያመጡ አይችሉም፤ በዚህ ላይ ክርክሩ ገና ክፍት ነው። ጥፋቱን ከነማገገሙ በተሟላ ሁኔታ የያዘችው አንቲኮስቲ ደሴት በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች።

የጥፋቱ ስፋትና ያስከተለው ለውጥ አይመጣጠኑም። ዝርያዎች ሞቱ፤ የባሕሩ አሠራር ግን እምብዛም አልተለወጠም። በቀጣዩ በሲሉሪያን ዘመን ብራኪዮፖዶች እንደገና ወለሉን ያዙ፣ ኮራሎች በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሪፍ ወደ መሥራት ተመለሱ፣ ከተረፉት ጥቂት ግራፕቶላይቶችም አዲስ ትውልድ ተነሣ። በፐርሚያን መጨረሻ፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የደረሰው ጥፋት ግን የባሕሩን ማኅበረሰብ ከሥሩ ነቅሎ በሌላ ተካው። የሁለቱ ልዩነት የሚያሳየው የጠፋው ብዛት ብቻ ሳይሆን ማን እንደጠፋ መታየት እንዳለበት ነው።

ያፔተስ ውቅያኖስ በሲሉሪያን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ በስኮትላንድ፣ በኖርዌይና በምሥራቅ ግሪንላንድ የካሌዶንያ ተራሮች ተነሡ። ከእነሱ የወረደው ቀይ አሸዋ በሐይቆችና በወንዝ ሸለቆዎች ተከማቸ፤ በዚያ ደለል ውስጥ መንጋጋ ያላቸው ዓሦች በብዛት ተቀብረው ተገኝተዋል። በምሥራቅ ግሪንላንድ ደግሞ 365 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የዚሁ ደለል የላይኛው ክፍል አካንቶስቴጋንና ኢክቲዮስቴጋን፣ ጣት ባለው እግር ከታወቁት እጅግ ቀደምት ባለ አራት እግር እንስሳት መካከል ያሉትን ሁለቱን አስቀርቷል።